የጫት ቅጠል ዕድሜና የገበሬው ገበያ

በናይሮቢ ከተማ በምሥራቅ በኩል በሚገኘው በኢስትሊ ሰፈር ጫት ለመግዛት የሚመጣ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠይቀው ቅጠሉ መቼ እንደ ተቈረጠ ነው። ሻጩም በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን እሽግ ፈታ አድርጎ ቀንበጡን ያሳየዋል፤ ቀንበጡ ወዙን የያዘ እንደ ሆነ ክርክሩ ስለ ገንዘብ ይሆናል፤ የጠወለገ እንደ ሆነ ግን ገዢው ወደሚቀጥለው መደብር ያልፋል። ይህ ጫት የተለቀመው ከናይሮቢ በስተሰሜን ምሥራቅ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚገኙት ከሜሩ አገር የኛምቤኔ ኮረብታዎች ነው። ከተለቀመ በኋላ በማዋ ከተማና በአካባቢዋ ታስሮና ተጠቅልሎ በትንንሽ የጭነት መኪናዎች ወደ ዋና ከተማው ይወርዳል። መኪናዎቹ በዚያ መንገድ ላይ የሚበሩበት ፍጥነት በኬንያ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ስለሚያደርሱትም አደጋ ብዙ ተነግሯል። ሰው ይህን ችኰላ ለሹፌሮቹ ድፍረት ወይም ለነጋዴዎቹ ስስት ይሰጠዋል። ነገሩን ከሥሩ ለተመለከተው ግን ሹፌሩን የሚያስቸኵለው በቅጠሉ ውስጥ ያለ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ንጥረ ነገር ጠባይ ሕግ አውጪውም፥ በከተማ የሚቅመውም ሰው የሚያውቀው ከሚገባው በታች ነው፤ ይህም አለማወቅ ከሁሉ ይልቅ ገበሬውን ሲጎዳ ኖሯል።

ጫት በኬንያ ሚራ ይባላል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ዛፉ እንግዳ አይደለም። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፥ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት አስተክላለሁ ብሎ መፎከሩን ይተርካል፤ ነገሩም የ14ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ተክል ከተጻፉት ቃሎች ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ይህ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የሚጠራበትን ስም ያገኘው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው። ከዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ አገር የተላከው የምርምር ጓድ አባል የነበረው ፎርስኮል በየመን ዕፀዋት ሲሰበስብ በ1763 ሞተ፤ ከጓደኞቹ መካከል በሕይወት የተመለሰው ኒቡር ማስታወሻውን በ1775 አሳተመለት፤ ካታ የሚለው የተክሉ የሳይንስ ስም የመጣው ከዚሁ ነው።

በሜሩ ሕዝብ ዘንድ ሚራ የሽማግሌዎች ተክል ነው። ለጋብቻ ስምምነትና ለዕርቅ ይቀርባል፤ ምባይኔ የሚባሉት ያረጁ ዛፎች ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋሉ፤ ባለቤታቸውም በእነርሱ ይከበራል። አቃቃሙም እንደ ሐረር አይደለም። የሐረር ሰው ቅጠሉን ሲቀነጥስ የሜሩ ሰው የለጋውን ቀንበጥ ልጥ በጥርሱ እየላጠ ያኝካል፤ የናይሮቢ ወጣቶች ምሬቱን ለማብረድ ለውዝ ወይም ማስቲካ ይጨምሩበታል። ከኤምቡና ከምቤሬ የሚመጣውና ሙጉካ የሚባለው ዐይነት ደግሞ ቅጠሉ ብቻ ተለቅሞ የሚሸጥና ዋጋው የረከሰ ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ ይነገራል።

ኬሚስቶች ጫትን መመርመር የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በ1887 ፍሉኪገርና ጌሮክ የተባሉ ሊቃውንት ከቅጠሉ አንድ አልካሎይድ አግኝተው ካቲን አሉት። በ1930 ቮልፈስ የተባለ ኬሚስት ይህ ካቲን ኖርፕሴውዶኤፌድሪን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋራ አንድ መሆኑን አረጋገጠ። በዚህ ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። ነገር ግን አንድ የማይገጥም ነገር ነበረ፤ ካቲን ለብቻው ሲመረመር ኃይሉ ደካማ ሆኖ ሲገኝ ትኵስ ጫት የቃመው ሰው የሚያሳየው መነቃቃት ከዚያ የበረታ ነበር። ሊቃውንቱ መልሱን እስኪያገኙ ብዙ ዓመታት ፈጀባቸው። ስለ ምን እንደ ቸገራቸው ማንም የአወዳይ ጫት ነጋዴ ሊነግራቸው ይችል ነበር፤ በመርከብ ተጭኖ ወደ አውሮፓ ላቦራቶር ይደርስ የነበረው ቅጠል የደረቀ ነበርና። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶር ትኵሱን ጫት መርምሮ ከካቲን የበረታውን ካቲኖንን ለይቶ አወጣ። በቅጠሉ የሚኖረው ገበሬ በምላሱ ያወቀውን ሳይንስ በመሣሪያ ያወቀው በዚያ ዓመት ነው።

ካቲኖን፥ ካቲንና ኖርኤፌድሪን የአንድ ቤተሰብ ሦስት ዘመዶች ናቸው። የካቲኖን አሠራር አምፌታሚን ለሚባለው በፋብሪካ ለሚሠራው የማነቃቂያ መድኃኒት እጅግ የቀረበ ነው፤ ልዩነታቸው አምፌታሚን ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች በያዘበት ስፍራ ካቲኖን አንድ ኦክሲጅን በድርብ ማሰሪያ መያዙ ነው። ካቲኖንን ቶሎ የሚለወጥ የሚያደርገውም ይኸው ስፍራ ነው። ለጋው ቀንበጥ በካቲኖን የበለጸገ ነው፤ ቅጠሉ እየጐለመሰ ሲሄድ ዛፉ ራሱ ካቲኖኑን ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለውጠዋል። ቅጠሉ ተቈርጦ ሲጠወልግና ሲደርቅም ካቲኖኑ እንዲሁ እየተለወጠ ይሄዳል፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። በ1987 የታተመ አንድ የስዊስ ሊቃውንት ምርመራ በ100 ግራም ትኵስ ጫት ውስጥ በአማካይ 36 ሚሊግራም ካቲኖን፥ 120 ሚሊግራም ካቲንና 8 ሚሊግራም ኖርኤፌድሪን መኖሩን አስረድቷል። ከሦስቱ መካከል ገዢው ገንዘቡን የሚከፍልበት የመጀመሪያው ነው፤ ሻጩም የሚሸጠው እየቀለጠ እንዳለ በረዶ ያለ ዕቃ ነው። ስለዚህ ገበሬው ቀንበጡን በሙዝ ቅጠል መጠቅለሉ ጌጥ አይደለም። እርጥበቱን ጠብቆ ጥቂት ሰዓት ይጨምርለታል፤ ያም ጥቂት ሰዓት ገንዘብ ነው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ ጫትን ከካናቢስ ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል፤ በኬንያ ባንጊ የሚሉትና በ1994 የወጣው የናርኮቲክ ሕግ በብርቱ የሚቀጣበት ተክል ነው። የካናቢስ ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር ቲ.ኤች.ሲ. ነው፤ እርሱንም ሜኩላምና ጋኦኒ በእስራኤል አገር በ1964 ለይተው አውጥተውታል። ከዚህ ብዙ ቀደም ብሎ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በካምብሪጅ የነበሩ ኬሚስቶች ካናቢኖል የሚባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ከዚሁ ተክል አግኝተው ነበር። ብዙ ሰው ስሙን አያውቀውም። ካናቢኖል የቲ.ኤች.ሲ. እርጅና ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ አየርና ብርሃን ያገኘው ቲ.ኤች.ሲ. ቀስ በቀስ ወደ እርሱ ይለወጣል፤ የማስከር ኃይሉም ደካማ ነው። የካምብሪጅ ሊቃውንት ቀድመው ያገኙት ደካማው፥ ዘግይቶ የተገኘውም ብርቱው መሆኑ ከጫት ታሪክ ጋራ እጅግ ይመሳሰላል። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው። ቲ.ኤች.ሲ. ለማርጀት ወራትና ዓመታት ይወስድበታል፤ ካቲኖን ግን ቀኖች ይበቁታል። ካናቢስን ደብቆ የሚነግድ ሰው ደረቁን ዕቃ በጎተራ አስቀምጦ የጠባቂውን ዐይን መዘናጋት ሊጠብቅ ይችላል። የጫት ገበሬ ግን ምንም ነገር ሊጠብቅ አይችልም።

ቅጠሉ በሰው አካል ላይ የሚያደርገውን ነገር በሁለት ወገን የሚያዛቡት ሰዎች አሉ። አንደኛው ወገን ጫት እንደ ሻይ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ከሄሮይን ጋራ ይቈጥረዋል። ሁለቱም ካቲኖንን አልመረመሩትም። ጫት ሲታኘክ ካቲኖኑ ገና በአፍ ሳለ በጉንጭ ሽፋን በኩል ወደ ደም መግባት ይጀምራል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛ የሚሆነውም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በጄኔቭ ጫትን ብዙ የመረመሩት ፒተር ካሊክስ እንዳስረዱት፥ ካቲኖን በነርቭ ጫፎች ውስጥ ተከማችቶ ያለውን ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ አምፌታሚንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በበርጫ የተቀመጡ ሰዎች ምርቃና የሚሉት የወግና የተስፋ ብዛት ከዚህ የሚመጣ ነው። ሆኖም የሚያኝክ ሰው ጥርስና ጉንጭ ገደብ አላቸው፤ ቅጠሉም ብዙ፥ ካቲኖኑም ጥቂት ነው፤ ጉበትም የገባውን ቶሎ እየለወጠ ወደ ኖርኤፌድሪን ያዞረዋል። ጫት በዚህ ምክንያት በኪኒን ወይም በመርፌ ከሚወሰድ የማነቃቂያ መድኃኒት ጋራ አንድ ሊሆን አይችልም።

እንዲህም ሆኖ ጉዳት የለውም ማለት ውሸት ነው። የልብ ትርታንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትን ይቈርጣል፤ በውስጡ ያለው ታኒን ሆድን ያደርቃል፤ እንቅልፍን ይነሣል፤ ምርቃናው ሲያልቅም ድብርት ይተካል። አብዝቶ በሚቅመው ሰው ላይ የአእምሮ መታወክ ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ፤ በየመን የተደረጉ ምርመራዎችም ከልብ ሕመም ጋራ ግንኙነት እንዳለው አመልክተዋል። እንቅልፍ ያጣው ሰው ማታ ጨብሲ ብሎ መጠጥ ሲደግምበት ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። በገበሬው ማሳ ላይ የተረጨው የተባይ መድኃኒትም ሳይታጠብ ከቅጠሉ ጋራ ወደ አፍ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ነገር ከሚገባው በታች ይነገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 ጫት ከመካከለኛ ያልበለጠ የመንፈስ ጥገኝነት ሊያመጣ እንደሚችል አመለከተ፤ የድርጅቱ የባለ ሞያዎች ጉባኤ በ2006 ነገሩን እንደ ገና መርምሮ ቅጠሉ ከዓለም አቀፍ ቍጥጥር በታች እንዲውል አላሳሰበም። ካቲኖንና ካቲን ራሳቸው ግን በ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ውል ውስጥ ገብተዋል፤ ካቲኖን እጅግ በጠበቀው በመጀመሪያው ሰንጠረዥ፥ ካቲን በሦስተኛው። የዓለሙ ውል ዛፉን ትቶ ንጥረ ነገሩን ይዟል ማለት ነው።

ከዚህ ፍርድ አንድ ነገር ይከተላል፤ በሜሩም በሐረርም ያሉ ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል። ገበያ በተዘጋ ቍጥር ጫት በፋብሪካ ይለወጥ፥ ይድረቅ፥ ይጨመቅ፥ ወደ መጠጥ ይለወጥ የሚል ምክር ይነሣል። ምክሩ ለሰሚው ደስ ያሰኛል፤ ቡናና ሻይም በዚህ መንገድ ከብረዋልና። የኬሚስትሪው ሕግ ግን አይፈቅደውም። ቅጠሉ በተራ መንገድ ከደረቀ ካቲኖኑ ይጠፋል፤ ገዢውም ለካቲን ብቻ ያን ዋጋ አይከፍልም። ቅጠሉ ተጨምቆ ካቲኖኑ በብልሃት ከተጠበቀ ደግሞ የተሠራው ነገር ቅጠል መሆኑ ይቀርና በመጀመሪያው ሰንጠረዥ የተከለከለው ንጥረ ነገር ይሆናል። ገበሬው በሕጋዊ ማሳ የዘራውን ባለ ፋብሪካው ሕገ ወጥ አድርጎ ያወጣዋል። በፋብሪካ የሚሠሩት የካቲኖን ዘመዶች ወዴት እንዳደረሱም ታይቷል፤ ሜፌድሮን የተባለው ዱቄት በእንግሊዝ አገር ወጣቶች ዘንድ ከተስፋፋ በኋላ በ2010 ተከልክሏል፤ ከጫት ዛፍም የመጣ አልነበረም። ይህን ሳያስረዱ ለሜሩ ገበሬ ፋብሪካ ይሠራልሃል ብሎ ተስፋ መስጠት የምርጫ ንግግር ከመሆን አያልፍም።

ጫትን የሚመለከቱ ሕጎች የቅጠሉን ዕድሜ ሳያስቡ እንደ ወጡ ታሪካቸው ያስረዳል። በ1935 ሁለት የጥናት ጽሑፎች ለመንግሥታት ማኅበር ቀርበው ተነበቡ፤ ውሳኔ ግን አልተሰጠባቸውም። በ1940ዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በሰሜን ኬንያ አውራጃዎች ጫትን ለመከልከል ሕግ አወጣ፤ ሕጉንም በሥራ ለማዋል ተቸገረ። ከዚያ ወዲህ ብዙው የሜሩ ጫት ከናይሮቢ በአውሮፕላን ወደ ሎንዶን ይሄድ ጀመረ፤ በ2011 እና በ2012 መካከል ባለው አንድ የሒሳብ ዓመት ብቻ ወደ እንግሊዝ አገር የገባው ጫት፥ የኢትዮጵያውም ተጨምሮ፥ 2,560 ቶን ነበር። ሆላንድ በ2013 መጀመሪያ ላይ ከለከለች። በዚያው ወር የእንግሊዝ መንግሥት የራሱ አማካሪ ጉባኤ ጫትን ለመከልከል የሚበቃ የጉዳት ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ጻፈ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ግን በጁላይ 2013 እንደሚከለከል አስታወቁ፤ ሕጉም ጁን 24 ቀን 2014 ጸና።

በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ውሳኔ ለሜሩ ገበሬ ከባድ ቢሆንም ከማስታወቂያው እስከ ሥራው ድረስ አሥራ አንድ ወር ሰጥቷል። በዚያ ጊዜ ከናይሮቢ የሄዱ መልእክተኞች ሎንዶን ውስጥ ሲማልዱ ቈዩ፤ የፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚቴም በኖቬምበር 2013 ክልከላውን ተቃወመ። አቤቱታው ተገቢ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰሚ ያላገኘ እንደ ሆነ ገበሬው ምን እንደሚያደርግ በዚያው ጊዜ ጐን ለጐን መዘጋጀት ነበረበት። ለሎንዶን ልመና የተሰጠውን ያህል ትጋት በኢጌምቤ ማሳ ላይ ለሚተከል ሌላ ተክል ቢሰጥ ኖሮ ጉዳቱ በቀለለ ነበር።

ከሎንዶን ይልቅ ከባዱ የሞቃዲሾ ነገር ነው። ከናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ጫት ተጭኖ ወደ ሶማሊያ መሄድ የቆየ ልማድ ነበር። በሴፕቴምበር 2016 የሶማሊያ መንግሥት በድንገት ከለከለና ከአንድ ሳምንት ያህል በኋላ ፈቀደ። በማርች 2020 በኮሮና በሽታ ምክንያት በረራው ቆመ፤ በሽታው ሲረግብም የሁለቱ መንግሥታት ጠብ ተተካበትና ገበያው ተዘግቶ ቆየ። የተከፈተው ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ ማሕሙድ ሥልጣን ከያዙ በኋላ በጁላይ 2022 ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከሞላ ጎደል የሆነውን ለመረዳት የቡና ገበሬን ማሰብ ይበቃል። የቡና ገበሬ ወደቡ ሲዘጋበት የደረቀውን ፍሬ በጆንያ አስቀምጦ ወራት ሊታገሥ ይችላል፤ ዋጋው ቢወድቅም ዕቃው በእጁ ነው። የጫት ገበሬ ግን ማክሰኞ ጧት አውሮፕላን ቀረ የተባለ እንደ ሆነ ሐሙስ የሚሸጠው ነገር የለውም። ዛፉ ደግሞ አይታገሥም፤ ቀንበጡ በወቅቱ ካልተለቀመ ይጐለምሳል፤ ከጐለመሰም ካቲኖኑ በዛፉ ላይ እንዳለ ይለወጣል። ሁለት መንግሥታት ሲጣሉ ሊታገሥ የሚችለው ወገን የሚያሸንፈውን ያህል ሊታገሥ የማይችለው ይሸነፋል፤ በዚህ ጠብ ውስጥ መታገሥ ያልቻለው የኛምቤኔ ቤተሰብ ነበር።

እንግዲህ ስለ ጫት የሚደረገው ክርክር ተክሉ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል በሚለው ብቻ መወሰኑ ትክክል አይደለም። ኬንያ በ2016 ሕጓን አሻሽላ ሚራን ከታወቁት የእርሻ ሰብሎች መካከል አስገብታዋለች፤ በ2023ም ስለ ገበሬዎቹ ምዝገባና ስለ ነጋዴዎቹ ፈቃድ ደንብ አውጥታለች። ይህ መልካም ጅምር ነው። የጐደለው ነገር ግን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። በሁለት ጎረቤት አገሮች መካከል ስለ ጫት ውል ሲደረግ ማንኛውም ክልከላ ወይም የቀረጥ ለውጥ ከመጽናቱ በፊት ቢያንስ አንድ የለቀማ ዙር የሚያህል ጊዜ እንዲሰጥ በውሉ ሊጻፍ ይገባል። መንግሥት የፈለገውን የመከልከል መብት አለው፤ ነገር ግን የአንድ ሌሊት ደብዳቤ ለሲሚንቶ ነጋዴ የሚሰጠው ጉዳትና ለጫት ገበሬ የሚሰጠው ጉዳት እኩል አይደለም።

ሁለተኛው ልኬት ነው። የሜሩ ገበሬ ካንጌታ፥ ጊዛ እያለ ዐይነቶቹን ይለያል፤ ገዢው በዐይኑና በጥርሱ ይመዝናል፤ መንግሥት ግን በኪሎ ብቻ ይቈጥራል። ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲዎችና ላቦራቶሮች የሞሉባት ከተማ ናት፤ ከየገበያው በየወቅቱ ናሙና ወስዶ የካቲኖኑን መጠንና የተባይ መድኃኒቱን ቅሪት መርምሮ ለሕዝብ ማሳተም ከአቅሟ በላይ አይደለም። በሜይ 2024 በሞምባሳ የሆነው ነገር የዚህን ጥቅም ያሳያል። የሞምባሳ ገዥ ሙጉካ ወጣቶችን እያጠፋ ነው ብለው በግዛታቸው እንዳይገባ አዘዙ፤ ኪሊፊና ታይታ ታቬታም ተከተሉ። የኤምቡ ሰዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም ትእዛዙን ለጊዜው አገደ፤ ፕሬዚዳንት ሩቶም ተክሉ በብሔራዊ ሕግ የታወቀ ስለ ሆነ ክልከላው ዋጋ የለውም አሉ። በዚያ ሁሉ ሙግት ጎልቶ የተሰማው የማን ሥልጣን ይበልጣል የሚለው ነበር። ሙጉካ ከሚራ ይልቅ ብርቱ ነው ወይስ ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ ብዙ ይቃማል የሚለው ጥያቄ ግን በሚሊግራም ሊመለስ የሚችል ነበር። የሞምባሳ እናቶች ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ትተው ሲቅሙ አይተው መጮኻቸው እውነት ነው፤ የኤምቡ ገበሬም የልጁን የትምህርት ቤት ገንዘብ ከዚያው ቅጠል መክፈሉ እውነት ነው። በሁለቱ መካከል የሚፈርድ ሹም በእጁ የተመረመረ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። መጠኑ ከታወቀ ለልጆች መሸጥን መከልከልና ቅጣቱን ማጥበቅ ይቻላል፤ የአዋቂዎቹን ገበያ ግን ማፍረስ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአወዳይ ወደ ሐርጌሳና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ጫት የሚሮጠው በዚያው ካቲኖን ግፊት ነው፤ መኪናዎቹም በዚያው ፍጥነት ይበራሉ። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት መትከሉ ብዙ ጊዜ እንደ ስንፍና ሲነቀፍ ይሰማል። ምክንያቱን ማየት ግን ይገባል፤ በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዐት ከፈረሰ በኋላ የቡና ዋጋ ወደቀ፤ ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ገንዘብ ይሰጣል፤ ማሳው ላነሰበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነቀፋው ሊያተኵር የሚገባው በሌላ ላይ ነው። ከማሳው ሁሉ ጫት ብቻ የቀረው ቤተሰብ የእህሉን ዋስትና ሁለት ቀን በሚቈይ ቅጠል ላይ አኑሯል፤ ጎረቤት አገር በሩን የዘጋበት ዕለት የሚበላው የለውም። የሜሩ አረጋውያን ምባይኔያቸውን በቦቆሎ፥ በባቄላና በሙዝ መካከል ያቈዩ የነበረው ይህን ስለሚያውቁ ነው። የእርሻ ሠራተኞች በየወረዳው ሲዞሩ ገበሬውን ጫትህን ንቀል ቢሉት አይሰማቸውም፤ ሲሶውን መሬት ለእህል ተው ቢሉት ግን ሊያነጋግራቸው ይችላል።

ኬንያ በ2023 ባወጣችው ደንብ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብዙ ወጪ አያስከትልም፤ ይኸውም በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የተለቀመበት ቀንና ሰዓት፥ የተለቀመበትም መንደር እንዲጻፍ ነው። ዛሬ በኢስትሊ ሲመሽ ያልተሸጠው እሽግ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል፤ አንዳንድ ሻጭም የትናንቱን ከዛሬው ቀላቅሎ ውሃ እየረጨ ያቈየዋል። ወረቀቱ ቢለጠፍ ገዢው ቀንበጡን በጥርሱ ሳይቀምስ ዕድሜውን ያውቃል፤ ማለዳ ተነሥቶ የለቀመውም ገበሬ ትኵሱን ቅጠል ከነስሙ ይሸጣል፤ ሹፌሩም የዘገየበትን ሰዓት ሊደብቅ ስለማይችል ባለ ንብረቱ አንድ መኪና ከማስበረር ይልቅ ሁለት መኪና በየተራ መላክን ሊመርጥ ይችላል።